ወደ ፊት አልሄድም ያለችው መኪናዬ

ሰው መኪና የሚገዛው አንድ ቦታ ለመድረስ ይመስላችኋል። እኔ የገዛሁት በግራ እግሬ ምክንያት ነው።

ጅጅጋ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር አስተማሪዬ፣ «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ» ሲለኝ ግራ እግሬ ወይ ጨርሶ አይለቅም፣ ወይ ደግሞ እባብ እንደረገጠ ሰው ዘሎ ይለቃል። መኪናው እንደ ወጠጤ ይዘልና ይጠፋል። አስተማሪዬ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ እየቆየ ግን ሞተር ከማስነሳታችን በፊት የሚያደርገው ዱዓ እየረዘመ ሲሄድ አስተዋልኩ። ፈቃዱን በመጨረሻ እንዴት እንዳገኘሁ አትጠይቁኝ። ፈታኙ ቶሎ መውረድ የፈለገ ይመስለኛል።

እናም አንድ ቀን፣ ከተማውን ለቀው ወደ አገራቸው ሊመለሱ የተዘጋጁ ጡረተኛ ደንበኛዬን ፂም እየላጨሁ ሳለ፣ መኪናቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ነገሩኝ።

«ፍሪሲዮን የላትም» አሉ።

ምላጩን አንገታቸው ላይ ረሳሁት።

«እንዴት የላትም? ተሰርቆ ነው?»

«አውቶማቲክ ናት ልጄ። ካምቢዮዋን ራሷ ትቀይራለች። ያንተ ሥራ መሪ ይዞ ሰው ሰላም ማለት ብቻ ነው።»

ሰው ሰላም ማለት ደግሞ የተካንኩበት ነው። ገዛኋት።

ረጅም ናት፤ ክሬም ቀለም፣ መብራቶቿ ክብ፣ በሮቿ ሲዘጉ እንደ ባንክ ካዝና ድም የሚሉ። በዕድሜ እኔን ትበልጣለች ብል አላጋነንኩም። ባለቤቴ ሰናይት ግቢያችን ውስጥ ቆማ ስታያት በእጇ ወገቧን ደግፋ፣ «ይሄ መኪና ነው ወይስ ቅርስ?» አለችኝ። ወገቧን የደገፈችው የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ መውለጃዋ ስለተቃረበ ነው። እኔም ዕድሉን ሳላሳልፍ፣ «ለአንቺ ብዬ ነው የገዛኋት። ምጥሽ ሲመጣ በባጃጅ ስትንገጫገጪ ማየት አልፈልግም። እንደ ልዕልት ነው የምወስድሽ» አልኳት። ስለ ግራ እግሬ አላነሳሁም።

«ልዕልትነቱ ይቅርብኝ» አለች። «ብቻ አድርሰኝ።»

ለጥቂት ሳምንታት በጅጅጋ አቧራ ውስጥ እንደ መርከብ ስንሳፈፍ ከረምን። ከዚያ አንድ ጠዋት ጉሌድን ፀጉሩን ሳስተካክል በመስኮት ወደ ውጭ አየና፣ «ዋርያ፣ መኪናህ ትደማለች» አለኝ።

ጉሌድ ወደ ድንበር በሚወስደው የቶጎጫሌ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ወዳጄ ነው፤ ዋርያ ደግሞ በሶማሊኛ አንተ ሰውዬ ነው። ወጥቼ ጎንበስ ብዬ ባይ እውነትም ከሆዷ ሥር ቀይ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞቼ ሁሉ ወጡ። ግማሽ ራሱ የተላጨም፣ አገጩ ላይ አረፋ ያለበትም ተሰብስቦ ከበባት። ጅጅጋ ውስጥ የታመመ ሰውና የታመመ መኪና ምክር አይቸግራቸውም። አንዱ ሳሙና ለጥፍባት አለ። አንዱ ዱቄት በውሃ ለውሰህ ድፈንባት አለ። ሌላው ሙዝ ካምቢዮዋ ውስጥ ጨምር፣ አጎቴ የራሱን መኪና እንዲያ አድርጎ ሸጧታል ብሎ ማለ። ገዢው ኋላ ምን እንደሆነ ስጠይቀው አላውቅም አለ፤ አጎቱም ወዲያው አገር ቀይረው ነበር።

ጉሌድ ግን ጣቱን በጠብታው ነክሮ አሸት አሸት አደረገና፣ «የካምቢዮ ዘይት ነው። ከሥር ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጓርኒሲዮን አርጅቷል» አለ። «እዚህ አውቶማቲክ የሚነካ ሰው አላውቅም። ድሬዳዋ አንድ ጎበዝ አለ። ቅዳሜ ባዶ ስለምሄድ ጎትቼ እወስድልሃለሁ። እስከዚያ አትንዳት። አትንካትም።»

«ሀዬ» አልኩት። ሀዬ በሶማሊኛ እሺ ማለት ነው። በልቤ ግን በአማርኛ እምቢ ነበር ያልኩት። አንድ የላስቲክ ቁራጭ ለመቀየር የካራማራን ተራራ ማቋረጥ? የሰው ጆሮ ሳይቆርጥ በጆሮ ዙሪያ ምላጭ የሚያሽከረክር እጅ ጥቂት ቡሎን ያቅተዋል?

ሐሙስ ዕለት ሱቄን በጊዜ ዘጋሁና ከጎረቤት ክሪክ ተውሼ መኪናዋን ከፍ አደረግኳት። ምንጣፍ አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ሰናይት ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች።

«ጉሌድ አትንካት አላለህም?»

«ጉሌድ ሾፌር ነው።»

«አንተስ?»

ወደ ውስጥ ይበልጥ ተንፏቀቅኩ። መኪና ሥር የመግባት አንዱ ጥቅም ይሄ ነው።

ዘይቱን የሚይዘው ከሥር እንደ ትሪ የተገጠመ ቆርቆሮ ነው፤ ሾፌሮች ኮፓ ይሉታል። ዙሪያውን ያሉትን ቡሎኖች አንድ በአንድ እየፈታሁ በቫዝሊን ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀምኩ። ሁሉም አለቀ፤ ኮፓው ግን አልወርድም አለ። በጣቴ ሳብኩት፣ ንቅንቅ የለም። የፀጉር መቀሴን አስመጥቼ ጫፉን በስንጥቁ አስገባሁና ፈልቀቅ አደረግኩት። እዚህ ላይ ማንም ልብ ያለው ሰው፣ «ዘይቱስ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው።

«አየሽ ሰናይት፣ ምንም እኮ አይደ…»

ቃሉን አልጨረስኩም። ኮፓው ከነዘይቱ ፊቴ ላይ ወረደ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ዓይኔም እንደዚያው። ስለ ጣዕሙ ልንገራችሁ ብል ይጠፋኛል፤ ጠላትህ ይቅመሰው የሚያሰኝ ነው። እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ፤ ዓይኔ አያይም፤ ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ እየጮህኩ ውሃ ፍለጋ ሮጥኩ። ቧንቧው በስተቀኝ ነበር። እኔ በስተግራ ሄጄ በግቢው በር ወደ መንገድ ወጣሁ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ኤዶ፣ ማለትም አክስቴ፣ የምንላት ጎረቤታችን ሩቂያ የግመል ወተቷን ይዛ ወደ እኛ ትመጣ ነበር። እርጉዝ ይጠቅማታል እያለች ለሰናይት በየቀኑ ታመጣላታለች። ከራስ ፀጉሩ እስከ ቀበቶው ቀይ የሆነ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመጣባት ወተቱን በትና ከተማው እስኪሰማ ጮኸች።

«ወይ ሆዮ፣ ወይ እናቴ! ገደሉት! ልጃችንን ገደሉት!»

ሰው ከየበሩ ፈሰሰ። «አልሞትኩም» ልል አፌን ስከፍት ዘይቱ ከአፌ ተንዠቀዠቀና ጩኸቱ ባሰ። ጎረምሶች እጅና እግሬን ይዘው ባጃጅ ውስጥ ከተቱኝ። ስፈራገጥ «ነፍሱ ሊወጣ ነው» እያሉ ይበልጥ ያዙኝ። ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ በፋሻ ጠረገችኝ፣ ደግማ ጠረገችኝ፣ ራሴን አገላብጣ አየች።

«ቁስሉ የት ነው?»

«መኪናዋ ላይ ነው» አልኩ። «ደሙም የእሷ ነው።»

ነርሷ ፋሻውን አሽትታ ጣለችው። ከዚያ ዓይኔን በደንብ አጥባ፣ አንድ ሙሉ ሳሙና በእጄ አስይዛ ሸኘችኝ።

እዚህ ላይ የሚበቃው ሰው ይበቃው ነበር። እኔ ግን ተመልሼ ከሥሯ ገባሁ። የጓርኒሲዮን ነገር ገበያ ብጠይቅ ስላላገኘሁ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላይ በመቀሴ አንድ ቆንጆ ጓርኒሲዮን ቆረጥኩ፤ ያለ ሐሰት፣ አቆራረጡ ሠርግ የሚሄድ ሰው ፀጉር ይመስል ነበር። ገጣጥሜ ስጨርስ ቫዝሊን ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ቡሎን ተርፏል። ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የሰጠው ነው ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ዘይትም ከቶጎጫሌ ከመጣው ላይ ገዝቼ በቃሽ እስክትባል ድረስ ሞላሁባት። በቃሽ ያለው እንግዲህ እኔው ነኝ። እስከ ጥግ ሄጄ ተመለስኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሰናይት ፊት ደረቴን ነፋሁ፤ እሷ አፍንጫዋን ያዘች፤ ሽታዬ አልተቻለም።

አርብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ በሄደበት ሰዓት፣ ሱቅ ዘግቼ ቤት ጋደም ብያለሁ። ሰናይት መጥታ ራስጌዬ ቆመች።

«ተነሣ። መጥቷል።»

«ማን?»

«ልጅህ!»

ተነሥቼ ሱሪዬን እንደ ካኔቴራ በራሴ በኩል ልለብስ ታገልኩ። ሮጬ መንገድ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ ሳላውቅ ተመለስኩ። አርብ ቀትር ላይ ጅጅጋ ሲፈልጓት የለችም። ሱቁ ዝግ ነው፣ ባጃጆቹ መስጊዱ አጠገብ ተደርድረው ባለቤቶቻቸው ሶላት ላይ ናቸው፣ መንገዱን የያዙት ነፋስና ፍየል ናቸው። ሞባይልም ያኔ ገና የባለጸጋ ዕቃ ነው። ግን ምን ቸገረኝ? መኪና አለኝ!

ኤዶ ሩቂያ የሰናይትን ድምፅ ሰምታ ደረሰች። ደግፋ ከኋላ ወንበር አስገባቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ሞተሩን አስነሣሁ። ማርሹን ወደ ፊት በምታስኬደው ዲ ላይ አደረግሁ። ነዳጅ ረገጥኩ። መኪናዋ አጓራች እንጂ አልተነቃነቀችም። ጨመርኩ። ይበልጥ አጓራች። ወርጄ ከሥር ሳይ ያ ቆንጆ ጓርኒሲዮኔ እንደ ጠማው ውሻ ምላሱን አውጥቶ ዘይቱ በጎን ይወርዳል።

«ሂድ እንጂ ዋርያ!» አለች ኤዶ ሩቂያ።

«እምቢ አለች።»

«ማናት እምቢ ያለችው?»

«መኪናዋ።»

«እኔም እምቢ ማለት እችላለሁ?» አለች ሰናይት ጥርሷን ነክሳ።

በድንጋጤ ማርሹን ወዲያና ወዲህ ስመታው አር ላይ ገባ። መኪናዋ ተፈናጥራ ወደ ኋላ ሄደችና የግቢውን በር አልፋ መንገድ ላይ ቆመች።

«ትሄዳለች!» ብዬ ጮህኩ። «ሰኒዬ፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች!»

«ሆስፒታሉ ወደ ፊት ነው!»

«ኋላዋን ወደ ሆስፒታሉ ካዞርነው ሆስፒታሉም ወደ ኋላ ነው!»

በሕይወቴ የተናገርኩት ብልህ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ግን የሰማው የለም። ሰናይት እየጮኸች ነበር፤ ኤዶ ሩቂያ ቁርዓን ትቀራለች።

ወደ ኋላ የነዳችሁ እንደምታውቁት ቀኝ እጃችሁን በጎን ወንበር ላይ ጥላችሁ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ታዞራላችሁ። ኋላ ደግሞ ሰናይት አለች። ከተጋባን ጀምሮ ያን ያህል መንገድ ፊት ለፊት ተያይተን ሄደን አናውቅም። በየት በኩል ልሽሽ? የኋላውን መስኮት ለማየት እሷን ማየት አለብኝ። እሷም ይህን ዕድል አላባከነችውም። ምጡ ፋታ ሲሰጣት ትናገራለች፤ ሽማግሌ ከላክሁበት ቀን ጀመረች። በርካሽ ብዬ የተከራየሁት የሠርጋችን ድንኳን ስላፈሰሰው ዝናብ ተናገረች። እኔ ስለተከልኩትና ከነሣህኑ ስለወደቀው መደርደሪያ ተናገረች። ምጡ ሲመለስ ወንበሩ ላይ የዘረጋሁትን ክንዴን ይዛ በጥርሷ ትነክሳለች። ከዚያ ፋታ ታገኝና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

እኔ ላብና እንባዬ ተቀላቅሏል። መሐል ላይ አንድ የሚያሳዝን የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁና፣ «አይዞሽ ሰኒዬ፣ ደረስን» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «አንተ ነህ የምታቃስተው።»

እውነቷን ነው። እኔ ነበርኩ። ፊቴን አየችኝና ጭንቀቴ አሳዘናት መሰለኝ የነከሰችውን ክንዴን አሸት አሸት አድርጋ፣ «አይዞህ» አለችኝ። «አትፍራ። መሪውን ብቻ ያዝ።» ምጥ የያዛት ሴት ሾፌሯን ታጽናና ነበር።

አደባባዩ ላይ ፊሽካ ተነፋ። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ።

«መንጃ ፈቃድ!»

«ምጥ!» አልኩት።

«ለምን ወደ ኋላ ትነዳለህ?»

«ወደ ፊት አልሄድም ብላ ነው ጌታዬ።»

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሰናይት በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረችው። የጅጅጋ ልጅ ስለሆነች ቋንቋውን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ያን ዕለት ያለችውን ግን እስካሁን አልተረጎመችልኝም። ፖሊሱ ኮፍያውን አጠበቀና ከመኪናዋ ቂጥ ፊት ፊት እየሮጠ ፊሽካውን ይነፋ ጀመር።

እንዲህ ታጅበን ስንሄድ ሶላቱ አለቀ። መስጊዱ በሩን ከፈተና ነጭ የለበሰ ሰው እንደ ጎርፍ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ያ ሁሉ ሰው ቂጧን አስቀድማ የምትመጣ ክሬም መኪና፣ ከፊቷ የሚሮጥ ፖሊስ፣ ውስጧ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሚያለቅስ ሾፌር አየ። መንገዱን ግን የለቀቀ የለም። ኤዶ ሩቂያ በመስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታ ጮኸች፤ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሡ፤ ሰውም ለሁለት ተከፈለ።

ከመሐሉ ጉሌድ ብቅ አለ። ጫማውን ገና አድርጎ አልጨረሰም፤ አንዱን በእጁ እንደያዘ በመስኮቴ በኩል እኩል እየሮጠ ይጮህብኛል።

«አትንካት አላልኩህም? ዋርያ፣ አትንካት አላልኩም?»

«ብለሃል!»

«ሀዬ አላልክም?»

«ብያለሁ!»

«ታዲያ?»

«ጉሌድ፣ አሁን መንገድ አሳየኝ፤ በኋላ ስደበኝ!»

ሆስፒታሉ ሊታይ ሲል ትንሽ ዳገት አለች። እዚያ ላይ መኪናዋ ወደ ኋላም በቃኝ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ጉሌድ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ተጣራ። እነዚያ ለጁምዓ የተለበሱ ነጫጭ ልብሶች የሞተሩን ክዳን ከበው «ያ አላህ!» እያሉ ገፉን። ዘይቱ በጫማና በልብስ ጫፍ ላይ ተረጨ፤ የተመለሰ ግን የለም። በሩ ላይ ስንደርስ የሆስፒታሉ ዘበኛ ዱላውን አግድም ዘርግቶ ቆመ።

«መውጫው በዚያኛው ነው!»

«እየገባን ነው!» አልነው ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

አቅጣጫችንን አይቶ፣ ፊታችንን አይቶ፣ እንደገና አቅጣጫችንን አይቶ ከፈተ።

አዋላጇ ሰናይትንና ኤዶ ሩቂያን አስገብታ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና በሩን ዘጋችብኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከጉሌድ ጋር ተቀመጥን። ሊሰድበኝ የቀጠረኝ ሰዓት ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ግን ተወው። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። በሩ ሲከፈት ዘልዬ ተነሣሁ። ኤዶ ሩቂያ እልልታዋን ከውስጥ ጀምራ ነበር የወጣችው።

«ሴት! ማሻአላህ፣ ሴት! እናትዋም ደህና!»

አለቀስኩ። ጉሌድም ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና አቧራ ነው አለ። ከዚያ፣ ደግሜ እንዳልነካት መሆኑን ሳይደብቅ፣ የጭነት መኪናውን አምጥቶ መኪናዬን በገመድ አሠረና ወደ ራሱ ግቢ ጎትቶ ወሰዳት። ቅዳሜ ድሬዳዋ ያደርሳታል። እኔ በር ላይ ቆሜ እንደ ሠርግ ሸኚ እጄን አውለበለብኩላት። ዓይኔ እስኪያጣት ድረስ አውለበለብኩ።

አዋላጇ ብቅ አለች። «የሕፃኗን ልብስ አምጡ።»

የሕፃኗ ልብስ፣ የሰናይት ነጠላ፣ የገንፎው ዱቄት፣ ሁሉም በአንድ ሻንጣ ሆኖ መኪናዋ የኋላ ኮፈን ውስጥ ነበር።

ሮጥኩ። ጉሌድን ብጣራም አልሰማኝም። በባጃጅ ተከትዬ ግቢው ድረስ ሄጄ ሻንጣውን ይዤ ስመለስ ልጄ በኤዶ ሩቂያ ብርቱካናማ ሻሽ ተጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ ተኝታለች። ሰናይት በጣም ደክሟታል። ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች።

«እጅህን ታጠብና ያዛት» አለችኝ።

ከኪሴ ባልወጣው የክሊኒኩ ነርስ ሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። ተቀበልኳት። እንዲህ የምትቀል ነገር ይዤ አላውቅም። ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። አፍንጫዋን አንዴ ኮምተር፣ ሁለቴ ኮምተር አደረገችና፣ ከእኔ ላይ ያልለቀቀው የካምቢዮ ዘይት ሸትቷት ነው፣ እንጢስ! አለች።

«ይማርሽ» አልኳት። ለልጄ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ሰናይት ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «እሷ ምን አጠፋች?» አለች። «አንተን ይማርህ።»